አንተ ያላየኸውን በረዶ አይተን መጣን

ታምሬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ብጀምር መልስህን ከየት አመጣዋለሁ? ባለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸን ዓመት ከስድስት ወር ሞላ። ሙት ዓመትህን መስከረም ላይ ዘከርን፤ ጓደኞችህ ሁሉ መጥተው ነበር። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካፌው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ዛሬም ይከራከራሉ፤ አንተ ስለሌለህ ግን የሚሸነፍ ሰው ጠፍቷል ይላሉ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅክበት ሊፍት ተሠራ፤ ያውም አንተ በሄድክ በሦስተኛው ወር። በገባሁበት ቁጥር እበሽቃለሁ። በረንዳ ላይ ያሳደግካቸው ቃሪያዎች ደረቁ። ውሃ ማጠጣቱን ረስቼ አይደለም፤ የበረንዳውን በር መክፈት ከብዶኝ ነው። አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርኩት። ሲኞራ ፒያ ዘጠና ሁለት ዓመታቸውን ደፈኑ፤ አሁንም እሳቸውን ነው የማስታምመው። ስምህን እንደ ድሮው አጣመው "ታማራ" እያሉ ይጠሩሃል፤ እኔም ማረም ትቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የልጃችን የሩት ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም ቅር አይለኝም። ከልጁ ጋር አንድ ከተማ እየኖረ እንደ ጎረቤት ሰላም ብቻ የሚባባል ወላጅ እዚህ ሮም ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም።

አንተ ዓይንህን የከደንክ ዕለት ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ድሬዳዋ ልወስድህ ቆርጬ ነበር። እህትህ እትዬ ጽጌም መርዶውን እንደሰማች ድንኳን አስተክላ ሬሳህን መጠበቅ ጀምራለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኜ ለአውሮፕላኑ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ስጠይቅ ሩት መጥታ ፊቴ ቆመች። "አይሄድም! እዚህ ነው!" አለችኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሰው እያየን፣ እንደ አዛዥ። ከዚያ ከሠራተኞቹ ጋር በጣልያንኛ ተነጋግራ ወረቀቱን ፈረመች። እኔ ለመጮኽም አቅም አልነበረኝም። እዚሁ ሮም፣ ፕሪማ ፖርታ መቃብር ቀበርንህ። እትዬ ጽጌ ባዶ ድንኳን ውስጥ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ እኔና ሩት "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ሆንን። እሑድ መጥታ ምሳ ትበላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ትሄዳለች። የልጄን ፊት ባየሁ ቁጥር ያቺ "አይሄድም" የምትለው ድምፅ ትመጣብኛለች። ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ሩት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሳየው ወዲያው አወቅኩት። አንተ ሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ ስትሠራ በየዓመቱ እያመጣህ ፍሪጁ ላይ የምትለጥፈው ማስታወቂያ ነው፤ በብርዱ ወራት ከሮም ተነስቶ ፈረንሳይኛ የሚነገርባቸውን ጥንታዊ ከተሞች የሚዞረው ጉብኝት። ሻምቤሪ፣ አኔሲ፣ ጄኔቫ፣ ሊዮን። "ዘንድሮ እንሄዳለን" ትል ነበር። አንዱ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ፔርሜሶው፣ ሳይታደስ ቀረ፣ ሌላው ዓመት ሲኞራ ፒያ ወደቁ፣ ከዚያ ሕመሙ መጣ።

"ሁለት ቦታ ይዣለሁ" አለች ሩት። "ካልፈለግሽ ቫ ቤኔ፣ አልከፋም።"

አልሄድም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ግን ፍሪጁ አጠገብ ቆመህ የምታየኝ መሰለኝ። እሺ አልኩ። ለእሷ ብዬ አልነበረም፤ ለአንተ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቲቡርቲና ጣቢያ ተነሳን። የጉብኝቱ አውቶቡስ፣ ፑልማኑ፣ በጡረተኛ ጣልያኖች ሞልቷል። አስጎብኚያችን ክላውዲያ የምትባል፣ ቀይ ኮፍያ የምታደርግ፣ ሳትደክም የምታወራ ሴት ነች። "አሎራ፣ ቀይ ኮፍያዬን ያየ አይጠፋም!" አለች ገና ሳንነሳ። ሩት የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ለቀቀችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ቶሪኖ ደርሰን እስክናድር ድረስ ያወራነው ስለ ሳንድዊች ብቻ ነው።

በማግስቱ ረጅሙን ዋሻ ተሻግረን ሻምቤሪ ገባን። ታምሬ፣ በረዶው! ጣሪያው፣ አጥሩ፣ የቆመው መኪና ሁሉ ነጭ። ድሬዳዋ ልጅ ሳለህ በረዶ ማለት ከፋብሪካ በጆንያ ተጠቅልሎ በጋሪ የሚመጣ፣ ለለስላሳ ማቀዝቀዣ የሚፈለጥ ነገር ነበር ብለህ አጫውተኸኝ ነበር። ስብርባሪውን ለመልቀም ከጋሪው ኋላ ትሮጡ ነበር። እኔ ጓንቴን አውልቄ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። እንደ ዱቄት ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያቃጥላል። አንተ ብትሆን በአፍህ ትቀምሰው ነበር ብዬ ቀመስኩት። ሩት አይታኝ ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላወቅሁም።

ከተማው መሀል ላይ አንድ የውሃ ምንጭ አለ። አራት ዝሆኖች ከድንጋይ ምሰሶ ውስጥ በአራቱም አቅጣጫ ብቅ ብለዋል፤ ግማሽ አካላቸው ብቻ ነው፣ ኋላቸው የለም። ክላውዲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የከተማው ሰው ቂጥ የለሾቹ አራቱ ይላቸዋል" ስትል ያ ሁሉ ሽማግሌ ሳቀ። እኔና ሩትም እኩል ፈነዳን። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ሁለታችንም የሆነ ጥፋት እንደሠራ ሰው ወደ ሌላ ወገን አየን።

አኔሲ ውስጥ ከተማው በቦይ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ፣ ከቤቶቹ ግርጌ ዝም ብሎ የሚሄድ። ጥንት እስር ቤት የነበረ ሕንፃ ውሃው መሀል እንደ መርከብ ቆሟል። ምሳ ያቀረቡልን ግን በድስት የቀለጠ አይብ ነበር፤ የገና ጾም ነው፣ ምን ይሁን? ዳቦዬን ብቻ መቆራረስ ጀመርኩ። ሩት ተነስታ ክላውዲያን አስከትላ ወደ ኩሽና ገባች። የተቀቀለ ድንች በዘይትና በሽንኩርት ይዛ ተመለሰች፤ ሁለት ሳህን። አንዱን ለእኔ አስቀምጣ ሁለተኛውን ራሷ መብላት ጀመረች። ይህች ልጅ ስትጾም አይተናት እናውቃለን? አጠገባችን ያለው ሁሉ አይቡን በረጅም ሹካ እየጠቀለለ ሲበላ እኛ አንገታችንን ደፍተን ድንቻችንን በላን። እግዜር ይስጥልኝ አላልኳትም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጄኔቫ ነፋስ ስለበረታ ከሐይቁ ላይ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ውሃ ዘግተውት ነበር። ክላውዲያ በጣም አዝና ፎቶውን በስልኳ አሳየችን። አንተ ብትኖር፣ "ይህን ፎቶማ ሆቴላችን ግድግዳ ላይም አለ" ብለህ ታስቃት ነበር።

ዋናው ነገር የሆነው ሊዮን ነው።

አሮጌው የሊዮን ሰፈር ከቤት ወደ ቤት የሚያሳልፉ የተሸፈኑ መተላለፊያዎች አሉት። በአንድ መንገድ በር ትገባና ጨለምለም ያለ ኮሪደር አቋርጠህ፣ ግቢ አልፈህ፣ በሌላ መንገድ ትወጣለህ። በአንደኛው ግቢ ውስጥ የሚጠማዘዝ የድንጋይ ደረጃ ነበር፤ ቀና ብዬ እያየሁ ቆየሁ። ዞር ስል ቀይ ኮፍያ የለም። በአንዱ በር ወጣሁ፣ የማላውቀው መንገድ። ተመልሼ ገባሁ፣ የማላውቀው ግቢ። ስልኬን አወጣሁ፤ ብርዱ ባትሪውን ጨርሶት ጠቁሯል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ከበር ወደ በር መሮጥ ጀመርኩ።

አንዲት አሮጊት የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡ። ፈረንሳይኛ እንዳስተማርከኝ ትዝ አለኝ። ሐሙስ ከሰዓት የእኔ የዕረፍት ጊዜ ስለነበረ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠን የምታስለፈልፈኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው፣ ባቡር ላይ ትኬት ይቆርጡ ስለነበሩት አባትህ ስታወራ የሚያስቀኝ ብቻ ነው። ትኬትዎን እባክዎ። ባቡሩ በስንት ሰዓት ይነሳል። ጣቢያው የት ነው። ሌላ ምንም የለኝም! ዝም ከማለት ይሻላል ብዬ፣ "ኡ ኤ ላ ጋር?" አልኳቸው። እኛ ለገሃር የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው እያልክ ትኮራበት የነበረውን ቃል።

አሮጊቷ ደስ አላቸው። ብዙ ተናገሩ፤ አንዱም አልገባኝም። ክንዴን ያዙኝና መሄድ ጀመርን። መንገዱ አንሸራታች ስለነበር ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። ትንሽ ሄደን አደባባይ ላይ ወጣን፤ ፊት ለፊታችን እውነተኛ የባቡር ጣቢያ። "ቯላ!" አሉኝ፣ ጉንጬን ነካ አድርገው ጋሪያቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ምን ልበላቸው? ሰው የጠየቀውን ነው የሚያገኘው። ገብቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እዚህ ማን ያገኘኛል? ዳዊቴን በልቤ መድገም ጀመርኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተበርግዶ ሩት ገባች። ሻርፗ መሬት ይጠርጋል፣ ፊቷ ቀልቷል። ከኋላዋ ክላውዲያ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ታለከልካለች።

"ማማ!" አለች ሩት። "እኔ ነገርኳቸው! እናቴ የምታውቀው ፈረንሳይኛ የባቡር ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር መጠየቅ አትችልም አልኳቸው!"

እንዲህ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። አጠገቤ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ክላውዲያ ብልህ ሴት ነች፤ ቡና ልግዛ ብላ ሄደች። ሩት በጣልያንኛና በአማርኛ እየደባለቀች፣ "አንቺንም ያጣሁ መሰለኝ" አለችኝ። "ስለ ፓፓ ባዘዝኩት ነገር አንቺ ጠፋሽብኝ።"

"ምን አዘዝሽ?" አልኳት።

"ሰው ሁሉ እኔ ያዘዝኩ ይመስለዋል። እኔ አላዘዝኩም ማማ። እሱ ነው ያለኝ።"

ከዚያ ነገረችኝ። ከማለፍህ ሦስት ሳምንት በፊት እኔ ቅያሪ ልብስህን ላመጣ ቤት ስሄድ፣ እጇን ይዘህ በጣልያንኛ እንደነገርካት። ብዙ አገር ቀያየርኩ፣ አሁን ደክሞኛል፣ አንቺ በአውቶቡስ ልትመጪ የምትችይበት ቦታ አስቀምጪኝ፣ እንዳልካት። ለእናትሽ በቀስታ ንገሪያት፣ እንዳልካትም ጭምር። "እኔ ግን በቀስታ የሚባለውን አማርኛ አላገኘሁም" አለችኝ ሩት። "ኮሪደሩ ላይ ያገኘሁት 'አይሄድም' የሚለውን ብቻ ነበር። 'እዚህ ነው' የሚለውን። ከዚያ አንቺ አላየሽኝም። ዓመት ሙሉ አላየሽኝም።"

እኔ ባቡር የምትለዋን ብቻ ይዤ ጣቢያ ደረስኩ፤ ልጄ አይሄድም የምትለዋን ብቻ ይዛ ፊቴ ቆማ ነበር። አቅፌ ሳምኳት። ግን ሁሉንም በአንዴ የተውኩ እንዳይመስልህ። በማግስቱ ፑልማኑ ወደ ጣልያን ሲመለስ አንተን ነበር የተቀየምኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ትራስ ተጋርተን ለእኔ ሳትነግር ለሷ ትነግራለህ? ልጅቷን ያን የሚያህል ሸክም ታሸክማታለህ? ያ ነጭ አገር በመስኮት ሲያልፍ እኔ ከአንተ ጋር እጣላ ነበር።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመ። እዚያ ነው ትዝ ያለኝ። ሆስፒታል ሾርባ ያመጣሁልህ ቀን። "አስካለ፣ ቁጭ በይ፣ ስለ አንድ ነገር እንነጋገር" አልከኝ። እኔ፣ "መጀመሪያ ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አልኩህ። በልተህ ስትጨርስ "እሺ፣ አሁን" ስትል ሳህኑን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ሌላም ቀን እንዲሁ፤ ትራስህን አስተካከልኩ፣ ነርሷን ጠራሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ምን ልትል እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። ብሰማው የሚመጣ፣ ባልሰማው የሚቀር መስሎኝ ነው። ነግረኸኛል ታምሬ። አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ቶሪኖ ቁርስ ላይ ለሩት ሁሉንም ነገርኳት፣ የሾርባውንም። "ልክ ነበርሽ፣ የሸሸሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ሩት ስኒዋን አስቀምጣ፣ "እኔም ብሸሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማማ" አለችኝ። ከዚያ እስከ ሮም ማዳመጫዋን አልሰካችም። ስድስት ሰዓት ሙሉ አወራን፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አንድ ሁለቴ ዞረው ገላመጡን።

ለገና ደረስን። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ለእትዬ ጽጌ ደወልኩ። ይህን ስልክ ዓመት ሙሉ ፈርቼው ነበር፤ ወንድሜን ባዕድ አገር ጥለሽው ትለኛለች ብዬ። እንዳለ ነገርኳት። "እሱ በአፉ ካለ፣ አለ ነው" አለችኝ። "እኔን ያንገበገበኝ እኮ ሰዎች ቀሙኝ ብዬ ነው። እዚያው ይረፍ፣ አፈሩ ይቅለለው። ልጁን አምጡልኝ።"

ስለዚህ ሩትን ይዤላት እሄዳለሁ። በሚመጣው ጥር ሩት የዓመት ዕረፍቷን ትወስዳለች፣ ሲኞራ ፒያ ጋ የእህታቸው ልጅ ትቆይልኛለች። ያደግክበትን ቤት፣ የተማርክበትን ትምህርት ቤት፣ ዋና የተማርክበትን አሸዋ ብቻ የሆነውን ወንዝ፣ ውሃ ሲመጣ ብቻ ወንዝ የሚሆነውን፣ ታየዋለች። እሷና እትዬ ጽጌ አሁን ራሳቸው ይደዋወላሉ። እንዴት እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ፤ ግን አንድ ሰዓት ያወራሉ።

መቃብርህ ላይም ድንጋይ አስቆምን። ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አስነስቼ እወስደዋለሁ እያልኩ የእንጨት መስቀል ብቻ ትቼብህ ነበር። አሁን ስምህ በአማርኛም በጣልያንኛም ተጽፏል። አውቶቡሱ ከበሩ ድረስ ይመጣል፤ ያሰብከው ልክ ነበር።

ሌላም ልንገርህ። ዓመት ሙሉ ስለ አንተ ሳስብ የሚመጣብኝ የመጨረሻዎቹ ወራት ብቻ ነበሩ፤ አልጋው፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ የቀጠነው እጅህ። አሁን ግን ሩት የማላውቀውን አንተን ታመጣልኛለች። ለካ ዋና ስትማር ደጅ ሆነህ ስትጠብቃት ከበረኛው ጋር ዳማ እየተጫወትክ ታጭበረብር ነበር። ለካ ፈተና ስትወድቅ ከእኔ ደብቀህ አይስክሬም ትገዛላት ነበር። እኔ ደግሞ ሳትወለድ በፊት የነበርከውን እነግራታለሁ፤ ጸጉርህን እንዴት እንደምታበጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየኝ ስሜን በስንት ዘዴ እንደጠየቅክ፣ ግትርነትህን፣ ኩርፊያህንም ጭምር። ሰው ከሞተ በኋላ ያድጋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አንተ ግን በየሳምንቱ እያደግክብን ነው።

እና የምገባልህ ቃል ይህ ነው። በልቤ ይዤህ ዝም አልልም፤ ዝምታ ምን እንዳደረገን አይቻለሁ። የትም ብሆን፣ ማንም ይስማ፣ ትዝ ባልከኝ ቁጥር ስምህን ጠርቼ፣ ጮክ ብዬ አስታውስሃለሁ።

ያንተው አስካለ
ሮም፣ መጋቢት